ከተራ የወጣ ዝናብ

በደብረ ጉም የዝናብ ተራ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት ልብስ አይሰጣም፣ ሠርግ አይደገስም፣ ቀብርም ከምሳ በፊት ያልቃል። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ሰው ሁሉ ትከሻው ላይ የሚሰካት ነጋሪ የምትባል መሣሪያ "ዝናብዎ ደርሷል" ትላለች። ሰውም ሥራውን ሳይቸኩል ሰብስቦ ጣሪያ ስር ይገባል። የሚሮጥ የለም። ከዝናብ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲያወሩት የሚያምናቸው ጥቂት ነው።

ዝናቡ የሚወርደው ምንጣፍ ላይ ነው። ከከተማው ዳር አንስቶ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ መሬቱ ዘር በተሰፋበት ምንጣፍ ተሸፍኗል። ስንዴው በሰልፍ ይበቅላል፣ በሰልፍ ይታጨዳል፤ ከዚያ አሮጌው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳና አዲሱ ይዘረጋል። ከስሩ ያለውን አፈር ያየ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ያልተዘራ ነገር አይበቅልም። አረም የሚለውን ቃል የከተማው ልጆች ሰምተውት አያውቁም።

ውዳላት የምትኖረው በዚህ ከተማ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏ ምንጣፍ ዘርጊ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ነው የሚውለው የሚያድረው። እሷ ልጇን ናርዶስን ታሳድጋለች፤ ሥራዋም ጭንቀቷም ይኸው ነው። ሕግ አክባሪ ሴት ናት። ነጋሪዋ "ውሃ ይጠጡ" ስትላት ትጠጣለች፣ "መስኮት ይዝጉ" ስትላት ትዘጋለች። የደረጃ አምፖል ከተቃጠለ፣ ጎረቤት ቧንቧ ሳይዘጋ ከወጣ፣ ወዲያው ታሳውቃለች። ስህተት አይታ ዝም ያለች ቀን ጦሱ በልጇ ላይ የሚወርድ ይመስላታል።

ናርዶስ ስድስት ዓመቷ ነው። አትበላም።

ታማ አይደለም። የጤና ጣቢያው መሣሪያ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ መርምሯት ምንም አላገኘባትም። እንደ ከተማው ልጆች ሁሉ የምትበላው ምሉዕ ነው፤ ምሉዕ ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ ደሙ ተመጥኖ በየጠዋቱ በር ላይ የሚቀመጥ ነጭ ገንፎ ነው። ነጋሪዋ ሰዓቱን ትናገራለች፣ ልጁ አፉን ይከፍታል። ራበኝ ያለ ልጅ በደብረ ጉም አልታየም፤ ከመራቡ በፊት ይደርስለታል። ናርዶስ ግን ካለፈው በጋ ጀምሮ ምሉዑን ጉንጯ ውስጥ አድርጋ ትቀመጣለች። አትተፋውም፣ አትውጠውም፣ አታለቅስም።

"ዋጪው፣ የኔ እናት።"

ናርዶስ ጉንጯን እንደነፋች በትዕግስት ታያታለች። እናቷ የምትለምናትን ነገር ለመረዳት እየሞከረች አልገባት ያለ ትመስላለች።

ሲስተር ሩሐማ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ውዳላትን ለብቻዋ ጠራቻት።

"ከመስቀል በፊት ክብደቷ ካልጨመረ ማገገሚያ ትሄዳለች" አለቻት። "መኪናው መጥቶ ይወስዳታል። ግዴታ ነው።"

"አብሬያት እሄዳለሁ።"

"እናት አይገባም።"

"እስከ መቼ ነው የምትቆየው?"

ሲስተር ሩሐማ ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። "መብላት እስክትጀምር። አንዳንዶቹ ይቆያሉ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔም ወልጃለሁ፣ ውዳላት። ሌላ የምታቀምሻት ነገር ካለ ሞክሪ።"

"ሌላ ምን አለ?"

ነርሷ አሰበች። ሌላ ነገር ልታስታውስ እየጣረች እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

* * *

የቅዳሜ ገበያ የሚቆመው ከድሮው መናኸሪያ ጀርባ ነው። መሐሉ ላይ ዘይትና የታሸገ ነገር፣ ያገለገሉ ነጋሪዎችና ጫማ ይሸጣል። ውዳላት ናርዶስን እጇን ይዛ ሁሉንም ዞረች። የሚበላ የተባለውን ሁሉ አነሳች፤ ሁሉም ምሉዕ ነበር፣ በተለያየ ቀለም።

ዳር ላይ፣ አጥሩ ከወደቀበት በኩል፣ ጥቂት ሴቶች ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። እዚያ ስትደርስ ነጋሪዋ "ከፊትዎ ያለው አልተመዘገበም" አለቻት። ከዚያ በላይ የምትለው አልነበራትም።

ጆንያው ላይ አረንጓዴ ነገር ተከምሯል። ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ፣ ግንዱ ጸጉራም ነው። ከጎኑ ካርቶን ቆሟል፤ ካርቶኑ ላይ በከሰል ሁለት ፊደል ተጽፏል። ነጋሪ ሁሉን ስለምታነብ ፊደል የሚማር ሰው ጥቂት ነው። ውዳላት ግን ባለፈው ዓመት የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ነጋሪዋ አንድ ቀን ብትበላሽ የልጇን መድኃኒት ማን ያነብላታል ብላ ሰግታ። ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያዘቻቸው።

"ሳ... ማ። ሳማ።"

"ጎሽ" አሉ ከጆንያው ኋላ የተቀመጡት አሮጊት። "ማንበቡን ከቻልሽበት መብላቱ አያቅትሽም።" ፊታቸው ጠቁሮ የደረቀ፣ ዓይናቸው ግን የሚስቅ ነው። እማማ ደብሪቱ ይባላሉ። እጃቸው ላይ የከሰል መቆንጠጫ ይዘዋል።

"ይበላል እንዴ፣ እማማ?"

"እሷ ይበላል ትላለች እንጂ እኔስ የምገዛው ለሌላ ጉዳይ ነው" አሉ ጋሽ ሸዋረጋ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለዋል። አንድ ዘለላ ሳማ ከስሩ በጨርቅ ይዘው ጉልበታቸውን ጠበጠቡት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። "ልጅ ሳለሁ አስተማሪዬ በነጻ ነበር የሚገርፈኝ። አሁን ከፍዬ ራሴን እገርፋለሁ።"

"ይሻልዎታል?" አለች ውዳላት።

"ጉልበት እንዳለኝ ትዝ ይለኛል። በኔ ዕድሜ ይህም ቀላል አይደለም።"

ሴቶቹ ሳቁ። ውዳላት ወደ እሳቸው ዞራ ስለነበር የናርዶስን እጅ አላየችውም። ልጅቷ ቅጠሉን ጨበጠችው።

ድምፅ አላሰማችም። እጇን መልሳ ዓይኗ ስር አመጣችው። መዳፏ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ ሲያብጡ፣ ዙሪያቸው ሲቀላ ተመለከተች። ውዳላት ተንደርድራ ክንዷን ያዘቻት። ነጋሪዋም "ልጅዎ ቆዳዋ ተቆጥቷል፤ ላሳውቅ?" አለች።

"እማዬ" አለች ናርዶስ፣ ዓይኗን ከመዳፏ ሳታነሳ። "ነከሰኝ።"

ይህች ልጅ በዕድሜዋ ሁሉ የነካት ነገር በሙሉ ተመዝኖና ለስልሶ የቀረበላት ነው። ምንም ነገር መልሶ ነክቷት አያውቅም። አሁን ግን ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ በርቶ፣ አፏ ተከፍቶ ቆማለች።

"በሕይወት ያለ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"እንዴታ" አሉ እማማ ደብሪቱ።

"እኔም ልንከሰው።"

እማማ ደብሪቱ መቆንጠጫቸውን አስቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ለውዳላት አስረዷት። ሳማ የሚለቀመው ሳያብብ፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው። የፈላ ውሃ ሲነካው መንከሱን ይረሳል። ከዚያ በእንጨት ማማሰያ እስኪደቅ ይማሰላል፣ የገብስ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ይገባበታል።

"የድሮው እህል ሲያልቅ፣ አዲሱ ሳይደርስ፣ ክረምቱን የምናልፈው በዚህ ነበር" አሉ። "ጨጓራ ያስቸገረውም ይበላዋል። አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱም ይዘውት ይሄዳሉ። ይህ ደግሞ አውጥ ነው፣ ቅጠሉ ይቀቀላል፤ ያ አሉማ ነው፣ ለጎመን የሚሆን። ማንም የዘራቸው የለም። ራሳቸው ናቸው የሚመጡት።"

"ከየት?"

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ገደሉ አመለከቱ። ሌላ አልጨመሩም።

እቤት ስትገባ ውዳላት እንደተነገራት አደረገች። ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ሲገባ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው፤ ነጋሪዋ ያልታወቀ ሽታ አለ ብላ መስኮት አስከፈተቻት። ናርዶስ ማንኪያውን ተቀበለች። ጎረሰች። ውዳላት የልጇን ጉሮሮ ነበር የምታየው። ያ ትንሽ ጉሮሮ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

"ገና አልሞተም" አለች ናርዶስ፣ እና ደገመች።

* * *

ሐምሌ እስኪጋመስ ድረስ ውዳላት በየቅዳሜው ከእማማ ደብሪቱ ጆንያ ፊት አትጠፋም ነበር። ናርዶስ ከምሉዑ ጋር ስትታገል ሰንብታ፣ ሳማው ሲመጣ ትበላለች። ሲስተር ሩሐማ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችውና "ጨምራለች" አለች። "ጥቂት ነው። ግን ጨምራለች። የምታደርጊውን አታቋርጪ።"

ከዚያ አንድ ሐሙስ ውዳላት በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ወደ ገደሉ አየች። ከምንጣፎቹ ማዶ፣ አፋፉ ላይ፣ ጥቁር ዳመና ቆሟል። ከዳመናው ስር ግራጫ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ዝናብ ነው።

ሐሙስ ነው። የማንም ተራ አይደለም።

ውዳላት አላመነታችም። ልብሷ ሊበሰብስ ይችላል፣ ምንጣፎቹ ሊበላሹ ይችላሉ፣ ናርዶስም ከታች ግቢ ውስጥ እየተጫወተች ነው። "ከተራ የወጣ ዝናብ አለ" አለች ለነጋሪዋ። "ገደሉ ላይ።"

"እናመሰግናለን" አለች ነጋሪዋ።

ብዙም ሳይቆይ ድሮኖች ከጣሪያዎቹ በላይ ተሰልፈው አለፉ። ዳመናው እንደሚፈለፈል ጥጥ ተበጣጥሶ ሳሳ፣ ግራጫው መጋረጃ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ፀሐይ ወጣች። ውዳላት የቀረውን ልብስ አሰጣች። ልቧ ረክቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የገበያው ዳር ጭር ብሏል። ሴቶቹ ተቀምጠዋል፣ ጆንያቸው ግን ባዶ ነው። እማማ ደብሪቱ መቆንጠጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ወደ መሬት ያያሉ።

"የኔ ሳማ የታለ?" አለች ናርዶስ።

"ዝናባችንን ወሰዱብን፣ ልጄ። ሳማው ውሃ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ሲቀርበት አበበ። ካበበ በኋላ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ አይበላም።"

"ማን ወሰደው?" አለች ውዳላት።

እማማ ደብሪቱ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ የገበያው ድምፅ ማጉያ ቀደማቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት የሳምንቱን ንቁ ዜጋ ያመሰግናል።

"የሳምንቱ ንቁ ዜጋ ወይዘሮ ውዳላት ናቸው። ሐሙስ ዕለት በገደሉ አፋፍ ላይ ከተራ የወጣ ዝናብ በማሳወቃቸው ምንጣፎቻችን ከጉዳት ድነዋል። እናመሰግናለን።"

የውዳላት ትከሻ ላይ ያለችው ነጋሪ አጨበጨበች። ጭብጨባው የብዙ ሰው ጭብጨባ ነበር፣ ረጅም፣ ደስ ያለው። ውዳላት በእጇ ልትሸፍናት ሞከረች። ነጋሪ አትሸፈንም። የዳሩ ሴቶች በሙሉ ዞረው አዩዋት።

"በሉ አጨብጭቡላት እንጂ" አሉ ጋሽ ሸዋረጋ። ድምፃቸው ቀልድ አልነበረበትም።

"አላወቅሁም" አለች ውዳላት። "እማማ፣ እውነት አላወቅሁም። ስህተት መስሎኝ ነው።"

"ስህተትማ ነው" አሉ እማማ ደብሪቱ። "ገደሉን ሁለት ወረዳ ይካፈለዋል። የዚህኛው ወረዳ የዝናብ ተራ አስከባሪ የዚያኛው ድርሻ ነው ይላል፣ የዚያኛውም የዚህኛው ነው ይላል። ሰው ካልነገራቸው አንዳቸውም አይመጡም። ዓመታት ዝም ብለን በልተንበታል።" እናትየውን ትተው ናርዶስን ተመለከቱ። የልጅቷ ጉንጭ ጎድጎድ ብሎ ነበር። "ልጅሽ ሌላ የምትበላው የላትም?"

"የላትም። ከመስቀል በፊት ሊወስዱብኝ ነው።"

አሮጊቷ ባዶ ጆንያቸውን ጠቀለሉ።

"ነገ በጠዋት ነይ" አሉ በመጨረሻ። "ልጅቷንም ይዘሻት። ያደረግሽውን በዓይንሽ ማየት አለብሽ።"

* * *

በምንጣፎቹ ስፌት ላይ ተጉዘው ገደሉ አፋፍ ደረሱ። ምንጣፉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ውዳላት ቆመች። ከፊቷ ያለው መሬት ቡናማና የተሰነጣጠቀ ነው። እግሯን አሳረፈችበት። መሬቱ ትንሽ ሰርጎድ አለላት። ከስሯ የሆነ ነገር የተቀበላት መስሏት እግሯን መልሳ አነሳች።

"አይነክስም" አለች ናርዶስ፣ ቀድማት እየሄደች።

ቦታው ተዳፋት ነው። ድንጋይ፣ ደረቅ ግንድ፣ ጠውልጎ ያበበ ሳማ እዚህም እዚያም። እማማ ደብሪቱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እዚህ ነው የተወለድኩት" አሉ።

"እዚህ? ቤት እኮ የለም።"

"ነበር። ምንጣፉ ሲመጣ አስነሱን። ቤቱም ፈርሶ አፈር ሆነ።" መሬቱን በመቆንጠጫቸው ጫር ጫር አደረጉት። "ሳማ ግን ሰው ያልኖረበትን አይወድም። ከብት ያደረበት፣ አመድ የተደፋበት፣ ልጅ የሸናበት መሬት ነው የሚፈልገው። እኛን እየተከተለ ነው የኖረው። እኛ ስንሄድ እሱ ቀረ።"

"አሁንስ?"

"ዘሩ መሬት ውስጥ አለ። የሚጎድለው ውሃ ነው።"

"መቼ ነው የሚዘንበው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ውዳላት አፏን ከፍታ አየቻቸው። ስለ ዝናብ እንደዚህ ብሎ የሚናገር ሰው ሰምታ አታውቅም። አሮጊቷ ይህን ያሉት ሳይጨነቁ፣ ወደ ሰማይ ሳያዩ ነው። ዝናቡ የማንም ሳይሆን፣ ተራ ሳይዝ፣ ሲፈልግ የሚመጣ፣ ባይፈልግ የሚቀር ነገር ነው። ውዳላት በአሮጊቷ ፈንታ ወደ ሰማይ አየች።

ከዚያን ቀን ወዲያ በየእሑዱ ወጡ። ተቀምጠው ወደ ቆላው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ሐምሌ አለቀ። ናርዶስ ምሉዑን እንደገና ጉንጯ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረች፣ የጨመረችውን ጥቂት ክብደት መልሳ ጣለችው። ነሐሴ ሲገባ ሲስተር ሩሐማ "መኪናው ተመድቧል" አለች፣ ዓይኗን ሳታሳይ። ውዳላት የልጇን ልብስ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ አውጥታ እንደገና አጠበችው።

በነሐሴ አንድ እሑድ ከቆላው ንፋስ ተነሳ። ንፋሱ ሽታ ነበረው። ምንጣፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ አይሸትም፤ ይህ ግን ከዝናቡ ቀድሞ የመጣ፣ የደረቀ መሬት የሚያወጣው ሽታ ነው። ውዳላት ሳታስበው ደጋግማ ማገችው። ዳመናው ከገደሉ ስር እየተጠቀለለ፣ እየጠቆረ፣ ድምፅ እያሰማ ወደ ላይ ወጣ። ማንም አልጠራውም።

"ሩጡ" አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው።

ናርዶስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዝናብ ሮጠች። እየሳቀች፣ እየወደቀች፣ እየተነሳች ሮጠች። ሦስቱም አንድ ጎልቶ የወጣ ቋጥኝ ስር ተጠግተው ቆሙ። ውሃው ከፊታቸው እንደ ጋቢ ተዘረጋ። መሬቱ ጠጣው። ስንጥቁ ሁሉ ሲጠጣ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ነጋሪዋ ነቃች።

"ከአጠገብዎ የውሃ ድምፅ ይሰማል" አለች። "ዝናብ እየጣለ ነው?"

እማማ ደብሪቱ ውዳላትን አዩዋት። ውዳላት ለነጋሪዋ ዋሽታ አታውቅም። ውሃው ከቋጥኙ ጠርዝ አንገቷ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

"አይደለም" አለች።

"የውሃ ድምፅ ይሰማል።"

"ልጄን እያጠብኳት ነው።"

ውዳላት ትንፋሿን ይዛ ወደ ሰማይ አየች፣ የድሮን ድምፅ ልትሰማ ጆሮዋን አቆመች።

"መልካም" አለች ነጋሪዋ። "ለብ ያለ ውሃ ይጠቀሙ።"

ውዳላት ናርዶስን በእጇ ይዛ ወደ ዝናቡ ወጣች። የተናገረችው ውሸት ሆኖ እንዳይቀር በሁለት እጇ ውሃውን ተቀብላ የልጇን ፊት አጠበች። አንገቷን አጠበች፣ ክንዷን አጠበች። ዝናቡ እስኪበቃው ዘነበ። ማንም አላስቆመውም።

* * *

በመስቀል ዋዜማ የመጣው መኪና ባዶውን ነው የተመለሰው። ግን ያ በኋላ ነው።

ከዚያ በፊት፣ አዲሱ ዓመት በገባ ሰሞን፣ የገበያው ዳር ሴቶች ተጠራርተው ወደ ገደሉ ወጡ። ጋሽ ሸዋረጋም ከዘራቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውን እየተራገሙ ተከተሉ። ውዳላት ናርዶስን አዝላለች። ነጋሪዋን እቤት ትታ ነው የመጣችው፤ ትከሻዋ ቀልሏት፣ ደጋግማ በእጇ ትዳስሰው ነበር።

ከተዳፋቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ሲደርሱ ከፊት የነበሩት ሴቶች ቆሙ። ከኋላ ያሉትም ደርሰው ቆሙ። መቆንጠጫ ያነሳ፣ ጆንያ የፈታ የለም።

ከስራቸው መንደር ነበር።

ሳማው ድሮ ግድግዳ በቆመበት ሁሉ፣ በሌላ ቦታ ሳይሆን በዚያ ብቻ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል። ክብ ክብ ሆኖ። ትልልቁ ክብ ቤት ነው፣ ከጎኑ የተለጠፈው ትንሹ ጎተራ፣ ሰፊውና ወፍራሙ በረት። በክቦቹ መሐል ሰው የተመላለሰበት መንገድ ጠንክሮ ባዶ ቀርቷል፤ ከቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ምንጭ ይሄዳል። በየአጥሩ ጥግ አውጥ ቆሟል፤ ጥቋቁር ፍሬው ያብለጨልጫል። አሉማው የጓሮውን መደብ ይዟል። ከዚያ በኋላ ስሙን ማንም ያላስታወሰው ቢጫ አበባ፣ ከመንደሩ እስከ ገደሉ ጫፍ ፈስሷል። ያልተዘራ፣ ያልተቆጠረ፣ ያልተፈቀደለት ነገር ሁሉ በቅሎ በጠዋት ብርሃን ቆሟል።

"ያ የእኛ ቤት ነው" አሉ እማማ ደብሪቱ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። "ያ የእህቴ ነው። ያ የባላምባራስ በረት ነው፣ ሲከፋን ወተቱን ጠብቶ እንዲጨርስበት ጥጃ የምንለቅበት።" በጣታቸው አመለከቱ። "እዩት በሩን። እዩት።"

በእያንዳንዱ ክብ ላይ አንድ ቦታ ሳማው ይቋረጣል። ደጃፉ ነው። ስንት ዘመን በእግር የተረገጠ ደጃፍ፣ ሳማው እንኳ ሊበቅልበት አልደፈረም።

ጋሽ ሸዋረጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውዳላት ማልቀሷን ያወቀችው ናርዶስ በጣቷ ፊቷን ስትጠርግላት ነው። ይህን ሁሉ መሬቱ ይዞት ኖሯል። በጭለማ፣ በድርቅ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማን የት እንደኖረ ሳይረሳ። እሷ ደግሞ አንድ ሐሙስ በረንዳ ላይ ቆማ ስህተት ነው ብላው ነበር።

ናርዶስ ከጀርባዋ ወረደች። እየተንደረደረች ወደ መንደሩ ገባች። በሳማው ላይ አልሄደችም፤ የእማማ ደብሪቱን ቤት ዞራ፣ በሩን ፈልጋ፣ በደጃፉ ገባች። ማንም አላስተማራትም። ቤቱ መሐል ቆመችና ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"እማዬ።"

ውዳላት ሮጠች። "ምን ሆንሽ? ነከሰሽ?"

"አይ። እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር ጎደለ።"

"ያምሻል?"

ናርዶስ አሰበች። ግንባሯ ተጨማዶ፣ ጆሮዋን ወደ ራሷ ሆድ አድርጋ አዳመጠች። "አያምም" አለች። "ይጠራል።"

ውዳላት እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ። ነጋሪዋ የለችም፤ የምትጠይቀው የለም። ዞር ስትል እማማ ደብሪቱ በራሳቸው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አይታወቅም።

"ምንም አልሆነችም" አሉ። "ራባት። ልጅሽ ራባት።"

መቆንጠጫቸውን ለውዳላት ሰጧት። እሷም ተንበርክካ፣ እንደተማረችው፣ ጫፍ ጫፉን መልቀም ጀመረች።

ናርዶስ ከአጠገቧ ቆማ አዲሱን ቃል መጀመሪያ በሹክሹክታ አለችው። ቀጥሎ ለእናቷ ነገረቻት። ከዚያ ወደ ገደሉ ዞራ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ "ራበኝ" አለች፤ ገደሉም ቃሉን ተቀብሎ፣ ከታች እስከ ቆላው ድረስ እየደጋገመ ወሰደላት።